የፈቀደው ኃላፊ ስም

ቦሌ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአብነት፣ ሊዬዥ

እንደምን ከርመሃል? የዚያ አገር ብርድ እንዳይጠናብህ መድኃኔዓለም በክንፉ ይከልልህ። እኔ ጉልበቴ አልፎ አልፎ ከሚጮኸው በቀር ደህና ነኝ። ቢተውም ደህና ነው። የሟች እህቴ ልጅ ሆኖ ሳይሆን ከሆዴ የወጣ ያህል ነው የሚያስብልኝ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ተስፉ ነው፤ በካርጎ አውሮፕላን ወደ እናንተ የሚመላለሰው። ስልክ ጆሮ ስላለው አልደወልኩም። ኢሜይሌን የሚከፍትልኝ ደግሞ ቢተው ነው፤ ልጁን በዚህ ነገር ላስጨንቀው አልፈልግም። ፖስታውን በፕላስተር አሽጌ በላዩ ላይ ፈርሜበታለሁ። ፊርማዬ ተቆርጦ ከደረሰህ ጻፍልኝ፤ ተስፉንም ቢሆን አላምነውም።

ልጄ፣ መጋዘኔ ውስጥ ሌባ ገብቷል። እንደምታውቀው ከአውሮፕላን የሚወርድ መድኃኒት እስኪመረመር ድረስ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ እኛ ነን የምናቆየው። ፀሐይ ላይ ቆሞ የዋለ የኢንሱሊን ጭነት መጣ፤ መርማሪው «ይቆይ» ብሎ ምልክት አደረገበት። በማግስቱ ግን ጭነቱ የለም። አቶ ዘርአጽዮን የሚባሉት ደንበኛ ተረክበው ሲኤምሲ ወዳለው ክሊኒካቸው ወስደውታል። በሽተኛ ሳይወጋው ደርሰን የመለስነው በእግዚአብሔር ቸርነት ብቻ ነው። ሰው ቢሞትብኝ ምን እሆን ነበር?

የዕቃ ማስረከቢያው መስኮት ላይ፣ ቢተው ፕሮግራሙን በሠራው ማሽን ፊት የነበረችው ሀጀር ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ እኔ ጋ ያደገች፣ «እትዬ የሺ» ስትለኝ አንጀቴ የሚላወስላት ልጅ! ስጠይቃት «እትዬ የሺ፣ እኔ ስም ብቻ ነው የጻፍኩት፤ ማሽኑ ራሱ ይለቀቅ አለ» ትላለች። ስም ተጽፎለት በር የሚከፈትለት ንጉሥ ብቻ ነው አልኳት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኸው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ላክልኝ፤ እዚያ አገር ከአዝራር የማይበልጥ ካሜራ አለ አሉ። መስኮቱ ላይ ልተክለው ነው ያሰብኩት። ለማንም እንዳትናገር።

አክስትህ የሺአረግ


ሊዬዥ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእትዬ የሺአረግ

ለከበረው ጤንነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ፈጣሪ ያበርታልዎት። ፊርማዎ አልተቆረጠም፤ የፕላስተሩ አንዱ ጫፍ ግን ተነስቷል። ከብርዱ ይሆናል።

አክስቴ፣ በሽተኛ አለመጎዳቱን ስሰማ እፎይ አልኩ። ካሜራው አይጠፋም፤ ነገር ግን ከመግዛቴ በፊት ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። ሀጀር ያን ቀን ምን እንደጻፈች፣ አንድም ፊደል ሳይጎድል ሊነግሩኝ ይችላሉ? ሁለተኛ፣ ቢተው የሠራውን ፕሮግራም፣ «ሲ» በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ እንደጻፈው ቢልኩልኝ ላየው እወዳለሁ። ማሽን አይዋሽም ይባላል፤ እኔ ግን እንጀራዬን የምበላው የማሽን ውሸት እየፈለግሁ ነው።

ሀጀርን ለጊዜው ባይፈርዱባት እለምናለሁ።

አብነት


ቦሌ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአብነት

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ማርያም ትጠብቅህ። ለመመለስ የዘገየሁት ነገሩን ሳላምጥ ስለቆየሁ ነው።

ፕሮግራሙን ይላኩልኝ ማለትህ ምነው? እኔ ሞኝ አይደለሁም። ያኔ «እኔ ልሥራልዎት» ብለኸኝ ሥራውን ለቢተው ስሰጠው ዓመት ሙሉ እንዳኮረፍከኝ አልረሳሁም። የልጄን ሥራ አይተህ እንከን ልታወጣበት ከሆነ ከወዲሁ ይቅርብህ። ፕሮግራሙ ከመጋዘኔ አይወጣም።

የጠየቅኸውን ግን ልመልስልህ። ማሽኑ መጀመሪያ የሳጥኑን ቁጥር ይጠይቃል፤ ቀጥሎ የተረካቢውን ስም። ሳጥኑ «ይቆይ» የተባለ ከሆነ «የፈቀደው ኃላፊ ስም» ብሎ ሦስተኛ ይጠይቃል። ማንም ካልፈቀደ ባዶውን ይታለፋል፤ ሳጥኑም ይቀመጣል። ያን ቀን ግን ሦስተኛውን ሳይጠይቅ በቀጥታ «ይለቀቅ» አለኝ ነው የምትለው። አየህ ውሸቷን?

የጻፈችው ስም ወረቀቱ ላይ አለ፤ «አቶ ዘርአጽዮን ኃይለሚካኤል ወልደሥላሴ» ይላል። ከነአያት ጻፉ ያልኩት እኔ ነኝ። ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆነ ሁለት ደንበኞች ዕቃቸው ተቀያይሮ መጋዘኔ በጩኸት ተደበላልቆ ነበር። ስለዚህ ከመስከረም ወዲህ ማንም ሰው ከነማዕረጉ፣ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ እንዲጻፍ ደንብ አወጣሁ። ሰውም ይከበራል፣ ዕቃም አይሳሳትም።

ሀጀርን አግጃታለሁ። እናቷ ከአያት ሰፈር ድረስ በባቡር መጥታ በሬ ላይ ቆማ ዋለች፤ አላስገባኋትም። ከአቶ ዘርአጽዮን ጋር ምን ተነጋግራ እንደሆነ ካላወጣች ታኅሣሥ ሲገባ ለፖሊስ አስረክባታለሁ። ካሜራው የት ደረሰ?

የሺአረግ


ሊዬዥ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። ማኩረፌ እውነት ነው፤ ስላለፈም አልከራከርዎትም። አሁን ግን የምጽፍልዎት ስለሀጀር ነው። እባክዎ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ከኪቦርድ የሚመጣውን ስም የሚያስቀምጥበት ቦታ አስቀድሞ ተለክቶ ይሰጠዋል። ስሙን ለመቀበል «ጌትስ» የሚባል አሮጌ ትእዛዝ ነበር፤ ይህ ትእዛዝ ቦታው ምን ያህል እንደሚይዝ አይጠይቅም። ሰው መጻፍ እስኪያቆም ዝም ብሎ ይቀዳል። ጀሪካን በስኒ ላይ እንደመገልበጥ ነው። የተረፈው ግን መሬት አይፈስም፤ አጠገቡ ባለው ነገር ላይ ይጻፍበታል። ከስሙ ቀጥሎ «ይቆይ» የሚለው ምልክት ተቀምጦ ከነበረ የስሙ ጭራ ይደመስሰዋል። ማሽኑም ምልክቱን ሲያጣው ከልካይ የለም ብሎ ይለቅቃል፤ ሦስተኛውንም ጥያቄ አይጠይቅም። ትእዛዙ አደገኛ ነው ተብሎ ከቋንቋው ደንብ ከወጣ ቆይቷል፤ አሮጌ መማሪያ ላይ ግን ዛሬም አለ።

እስከ መስከረም ለምን ደህና ነበር ቢሉኝ፣ የላቲን አንድ ፊደል አንድ ቦታ ይይዛል፤ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሦስት ቦታ ይፈልጋል። ቢተው በላቲን ሞክሮት ከሆነ ሰፊ ሆኖ ታይቶታል። ስምና የአባት ስም በአማርኛ ቢጻፍም ይገባል። «አቶ» ተጨምሮ፣ አያትም ተጨምረው ሲመጡ ግን ሊያፈስ ይችላል። እኔ ፕሮግራሙን አላየሁትም፤ ይህ ጥርጣሬ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

ጥርጣሬዬን እርስዎ ራስዎ መሞከር ይችላሉ። «ይቆይ» የተባለ ማንኛውንም ሳጥን ይምረጡና ሀጀር የጻፈችውን ስም እንዳለ ይጻፉ። ለማንም አይንገሩ፤ ለቢተውም ቢሆን።

አብነት


ቦሌ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአብነት

ሰላም ለአንተ ይሁን።

«ለቢተውም አይንገሩ» ያልከው አንጀቴን አቃጠለው። በእናቱ ሬሳ ፊት ተቀብዬ ያሳደግሁትን ልጅ ልጠርጥረው? ደብዳቤህን አሳየሁት! አዎ፣ አሳየሁት። ሁለቴ አነበበውና «ነይ እቴቴ፣ በፊትሽ እንሞክረው» አለኝ። ቀዝቃዛው ክፍል አጠገብ ካለው ኮምፒውተር ተቀመጠ። እኔ መነጽሬን አድርጌ በትከሻው ላይ ቆምኩ። «ዘርአጽዮን» ብሎ ጀመረ፣ «ኃይለሚካኤል» አለ፣ እስከ አያትየው «ወልደሥላሴ» ድረስ ጻፈ። ማሽኑም ቁልጭ አድርጎ «ይቆይ» አለ! ሦስተኛውንም ጥያቄ ጠየቀ፣ ባዶውን አለፈው፣ ሳጥኑም ቆየ። ልጄ ግን በአንተ ወሬ ፊቱ በላብ ርሶ ነበር። ምን አደረገህ ግን እሱ?

እንግዲህ ጀሪካንህን ይዘህ ተቀመጥ። የሀጀር ወረቀት ተጽፎ አልቋል፤ ተስፉ ከእናንተ ሲመለስ ለፖሊስ ይገባል። ካሜራውንም ተወው፣ ከአንተ ምንም አልፈልግም።

የሺአረግ


ሊዬዥ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ

ተስፉ አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፤ ሰላምታዬን በልብዎ ይሙሉት።

ቢተው «ዘርአጽዮን» ብሎ ነው የጀመረው ብለውኛል። «አቶ»ን የት ጣለው? ደንቡን ያወጡት እርስዎ፣ የሚሠራበትም እሱ ነው። ቆጠርኩት፤ ቦታው በልማድ የሚሰጠው ስድሳ አራት ከሆነ፣ ያለ «አቶ» ስሙ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ከ«አቶ» ጋር ይተርፋል። ደግሞስ ቀዝቃዛው ክፍል አጠገብ ማን ያልበዋል?

አክስቴ፣ ብቻዎን ይሞክሩ። የራስዎን ስም ከነ«ወይዘሮ»ው፣ ከነአያትዎ ይጻፉ። ከሦስት አንዱን ያያሉ። ማሽኑ ሦስተኛውን ጥያቄ ጠይቆ ዝም ብሎ መልስዎን ከጠበቀ፣ እኔ ተሳስቻለሁ፤ ሀጀርንም እናቷንም እርስዎንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። በቀጥታ «ይለቀቅ» ካለ፣ ፕሮግራሙ ያው የድሮው ነው፤ ቢተውም አያውቅም። ነገር ግን መጀመሪያ «ይቆይ» ብሎ፣ ሦስተኛውን ጥያቄ እርስዎ ምንም ሳይነኩ ራሱ መልሶ ከለቀቀ፣ አንድ ሰው በሽታውን አውቆ በስውር አክሞታል ማለት ነው፤ ያውም በግማሹ። «ጌትስ»ን አውጥቶ «ኤፍጌትስ» የሚባለውን አስገብቷል። ይህኛው ልኩን ይጠይቃል፣ ከልክ በላይም አይቀዳም። ያልገባው ጭራ ግን አይጠፋም፤ ወረፋ ላይ ይቆምና ለሚቀጥለው ጥያቄ መልስ ሆኖ ይገባል። ጠንቃቃ ሠሪ ትርፉን ጠርጎ «ስሙ ረዝሟል፣ አልቀበልም» ያሰኘዋል እንጂ ቆርጦ አያስገባም።

ወረቀቱን ለፖሊስ ከመስጠትዎ በፊት ይህን ብቻ ያድርጉልኝ። ልለምንዎት፣ በአባትዎ በገብረክርስቶስ አጥንት።

አብነት


ቦሌ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብነት

ያ ቸር አምላክ ከነቤትህ ይባርክህ። ዘግይቼብሃለሁ። እጄ ለመጻፍ እንቢ ብሎኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ መጋዘኑ ባዶ ነበር። ተቀምጬ በአንድ ጣቴ ለቀምኩት፤ ወይዘሮ የሺአረግ ገብረክርስቶስ ወልደጻድቅ። ማሽኑ «ይቆይ» አለ። ደስ አለኝ! አብነት ተሸነፈ ብዬ ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ወረቀት መትፋት ጀመረ። ይለቀቅ ይላል። ተረካቢ፦ ወይዘሮ የሺአረግ ገብረክርስቶስ ወልደ። የፈቀደው ኃላፊ ስም፦ ጻድቅ። እኔ ኪቦርዱን አልነካሁም፤ እጄ ጭኔ ላይ ነበር። አያቴ አውሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ እንጂ ቆሞ አይተው የማያውቁ ሰው፣ አፈር ከለበሱ ስንት ዘመናቸው፣ ተነሥተው መድኃኒት ፈቀዱ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!

ከአንተ ሦስት መልሶች የመጨረሻውን እንዳላይ ነበር ስጸልይ የነበረው። ዳግመኛ ሞከርኩ። ሌላ ሳጥን ወስጄም ሞከርኩ። አያቴ ፈቀዱ፣ ፈቀዱ።

ቢተው ምሳ ሊበላ ሲመጣ ወረቀቱን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩለት። አንብቦ አልካደም፤ ይህን ልመስክርለት። «መቼ አወቅህ?» አልኩት። «ጭነቱ በወጣ ማግስት» አለ። ያኔውኑ አስተካክዬዋለሁ ብሎ ነክቶታል፤ ከእጅ አይሻል ዶማ! «ታዲያ ሀጀርን ሳግዳት ለምን ዝም አልክ?» ብለው «መሐንዲሴ እያልሽ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ስታሳዪኝ፣ በምን አፌ ልንገርሽ? ካስተካከልኩት በኋላ ነገሩ ይረሳል ብዬ ነው። በፊትሽ ስሞክረው «አቶ»ን የተውኩትም በደንብ መስተካከሉን እርግጠኛ ስላልነበርኩ ነው» አለኝ። ይረሳል! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ፤ በገዛ ቤቴ አየሁት። መታሁት፣ አብነት። በዚህ ዕድሜው በጥፊ መታሁት፤ ከዚያ አቅፌው አለቀስኩ። ስህተቱን ይቅር ብዬዋለሁ፤ የእኔም ደንብ አለበት። ዝምታውን ግን ገና አልቻልኩትም።

ማክሰኞ ይዤው ወደ አያት ሰፈር ወረድኩ። የሀጀር እናት በሩን ከፍታ አየችን፤ እኔ በሬ ላይ ያቆምኳት ሴት፣ ግቡ አለችን። ቢተው ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። ሀጀር ጥግ ተቀምጣ ቀና አላለችም። እናትየው ጨርሶ እስኪናገር ሰማችውና «ልጄ ዕቃዋን ሰብስባ ስትወጣ አንተ እዚያው ነበርክ?» አለችው።

«ነበርኩ።»

«ምን አልካት?»

ደጋግማ ጠየቀችው። «አይዞሽ አልኳት» አለ።

እኔ ወለሉ ብቻ ይታየኝ ነበር። ሀጀር ናት በመጨረሻ የተናገረችው፤ «ስም ከመቃብር በላይ ነው ይባላል። የኔን ስም ሠራተኛ ሁሉ ፊት ነው ያጠፋችሁት፤ ሠራተኛ ሁሉ ፊት መልሱልኝ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰብኩ። ቢተው ያደረገውን በራሱ አንደበት ተናገረ። እኔም «ሀጀር አብዱልሐሚድ ሚስባህ ምንም አልበደለችም፣ የበደልኳት እኔ ነኝ» አልኩ፤ ከነአያቷ ጠርቼ። ለፖሊስ የተጻፈውንም ወረቀት ፊታቸው ቀደድኩት። ለአቶ ዘርአጽዮንም ደውዬ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ በምን ስጠረጥራቸው እንደነበር ግን አልነገርኳቸውም።

አሁን ልመናዬ ሌላ ነው። ፕሮግራሙን ተስፉ በዚህ ፖስታ ውስጥ ይዞልሃል፤ ከቢተው ጋር ሆናችሁ ጻፉት። አስተምረው፣ አትቆጣው፤ የሚቆጣው በበቂ አለ። ስም ሲረዝምበት ማሽኑ ቆርጦ አይዋጥ፣ አልቻልኩም ይበል። የኃላፊ ፈቃድ በግልጽ ካልተጻፈም አይልቀቅ። ካሜራ አልፈልግም። ያኔ ሥራውን ስላልሰጠሁህ ማኩረፍህም ልክ ነበር። ይህን ፖስታ በፕላስተር አላሸግኩትም፤ ተስፉ ሊያነበው ከፈለገ ያንብበው።

ሀጀር ባለፈው ሰኞ ተመልሳለች። በሰዓቷ ትገባለች፣ ሥራዋን አታጓድልም፣ ደንበኛ ያመሰግናታል። ቢተውን እንኳ ዛሬ ስታናግረው ሰማሁ። እኔን ግን «እትዬ የሺ» ማለት ትታለች። ወረቀት ልታስፈርመኝ ስትመጣ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ትቆምና «ወይዘሮ የሺአረግ ገብረክርስቶስ ወልደጻድቅ» ብላ ትጠራኛለች፤ አንድም ፊደል ሳታጎድል። ምነው ልጄ ብላት «ደንቡ ነው» አለችኝ።

አክስትህ